ሹክ ባይዋ እና የጥድ መንገድ

በሳልሚኔሚ ክረምት ሲመጣ እንግዳ ነው፤ ሲሰነብት ግን ባለቤት ይሆናል። በኅዳር ሐይቁ ይጠጥራል፣ እስከ ሚያዝያም አይላቀቅም። ፀሐይዋ ብቅ ትልና ሰው ምሳውን በልቶ ሳይጨርስ ትገባለች። እንዲህ ባለ አገር ሰው ሳይባላ የሚከርመው በሙዚቃና በቴአትር ነው። ሌላ ካለ ደግሞ እሑድ እሑድ የሐይቁ በረዶ ግግር ላይ ወጥቶ መንሸራተት ነው። ማጋነን እንዳይመስላችሁ። አንድ ዓመት የሠራተኞች አዳራሽ ጣሪያ በበረዶ ክብደት ተደርምሶ ሙዚቃው የተቋረጠ ጊዜ፣ በከተማው ስንት ባልና ሚስት እንደተኳረፈ ቄሱ ያውቃሉ።

ይህን ሁሉ በመውደድ ታይሚን የሚያክላት አልነበረም። ሐምሳ አራት ዓመቷ ነው። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ አንገቷን በቡናማ ሻርፕ ጠቅልላ ከቤት ቴአትር ቤት፣ ከቴአትር ቤት ሐይቅ የምትል ቀጭን ሴት ናት። ረቡዕ ረቡዕ ኦይቫ አኮርዲዮኑን ይዞ በሠራተኞች አዳራሽ ሲጫወት ሁልጊዜ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጣለች። እሑድ ደግሞ ባለወንበር ሸርታቴዋን በአንድ እግሯ ቆማ በሌላው እየገፋች ሐይቁን ታቋርጣለች። በቀሩት ቀናት ሥራዋ ሹክ ማለት ነው።

ሹክ ባይ ማለት እንዲህ ነው። ከመድረኩ ጫፍ ላይ፣ ከተመልካቹ በኩል የተደፋች ክዳን አለች። በክዳኗ ሥር ካለችው ጉድጓድ ታይሚ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ ተውኔቱን በፊቷ ዘርግታ፣ ፊቷን ወደ ተዋንያኑ አዙራ ትቀመጣለች። ቃለ ተውኔቱ የጠፋበት ካለ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቃላት ታቀብለዋለች። ተመልካች አያያትም፣ አይሰማትም፤ ሲጨበጨብም ለእሷ አይደለም። ቀላል ሥራ የሚመስለው ሞኝ ነው። አውቆ ዝም ያለን ተዋናይ ቃል ብታቀብለው ያበደ ያህል ይቆጣል፣ ልኩም ነው። ስለዚህ ታይሚ የምታዳምጠው ቃሉን ሳይሆን ትንፋሹን ነበር። አውቆ ዝም የሚል ሰው አየር ስቦ ይይዛል፤ የጠፋበት ሰው ግን ትንፋሹን ይለቃል። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ የተሳሳተችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፣ ሁለቱንም ጊዜ ጉንፋን ይዟት ነበር።

የሥራው ሕግ ደግሞ አንድ ነው። ማን እንደረሳ፣ ስንት ጊዜ እንደረሳ አይወራም። ከዚያች ጉድጓድ የሚወጣው ሹክታ እንጂ ወሬ አይደለም። ይህን ሕግ ያስተማረቻት ከእሷ በፊት የነበረችው አሮጊት ናት። አሮጊቷ ስትሞት የሰማችውን ሁሉ ይዛው መቃብር ገባች፣ ታይሚም እንዲሁ ልትሞት ቆርጣ ነበር።

ጣጣው የተጀመረው በጥቅምት ነው። አርማስ የባለወፍጮውን ገጸ ባሕርይ ይዞ ይሠራ ነበር። አርማስን የማያውቅ በሳልሚኔሚ የለም። የዓሣ አጥማጅ ልጅ፣ ስልሳ ስድስት ዓመቱ፣ ድምፁ ከደረቱ የሚሰፋ፣ የከተማው ዓይን። በሁለተኛው ገቢር መሐንዲሱ "ወፍጮህን ስንት ትለዋለህ?" ሲለው አርማስ ዝም አለ። ታይሚ አዳመጠች። ትንፋሹን ለቀቀው። ቃሉን አቀበለችው፣ ተቀበለ፣ ቀጠለ። አንድ ጊዜ ማንም ይረሳል አለች በሆዷ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን አራት ጊዜ ሆነ፣ ከዚያ አሥራ አንድ፤ ከዚያ ወዲያ መቁጠሯን ተወችው።

በገና ሰሞን አርማስ በራሱ የሚያስታውሰው አንድ ዓረፍተ ነገር አልነበረውም። ሙሉውን ተውኔት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እያቀበለችው ነበር። እሱ ግን ምን ዓይነት ተዋናይ ነው! ቃሉን ከከንፈሯ ላይ ያነሳና፣ ከጉበቱ የወጣ አስመስሎ አዳራሹን ያስለቅስበታል። በመካከሉ የምትፈጠረውን ትንሽ ዝምታ ሰው ሁሉ ወደዳት። የከተማው ጋዜጣ "አርማስ በእርጅናው ዝምታን ተማረ" ብሎ ጻፈ። ታይሚ ይህን አንብባ ሳቀች፣ ቀጥሎ ደግሞ አለቀሰች።

ሁለቱ ስለዚህ ጉዳይ የተነጋገሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የሳቮ አውራጃ ሰው ሲናገር የመረዳቱ ኃላፊነት የሰሚው ነው ይባላል፤ እነሱም ከሳቮ ናቸው። ከመጋረጃ ኋላ ኮቱን እየደረበ፦

"ታይሚ፣ ይኼ ጆሮዬ ደከመ መሰለኝ። እስቲ ትንሽ ከፍ አድርጊው።"

"ከፍ አደርገዋለሁ።"

"አዳራሹም እኮ አርጅቷል። ድምፅ አያስተላልፍም።"

"አዎ፣ አዳራሹ ነው" አለችው።

በቃ፣ ሁሉም ነገር በዚህ ተነገረ። ከዚያ ወዲያ ግን ታይሚ ከመድረክ ውጭም ትከታተለው ጀመር። የራሱን ትቶ የሴቶቹ መልበሻ ክፍል ይገባል። አንድ ቀን ደግሞ ከሞተች አሥር ዓመት ባለፋት ተዋናይ ስም "ሳይማ" ብሎ ጠራት፤ እሷም አቤት አለችው። ምን ታድርግ? ለአዘጋጁ ለቬይኮ ብትነግረው አርማስ በዚያው ቀን ከመድረክ ይወርዳል፤ ከመድረክ የወረደ አርማስ ደግሞ እስከ ፀደይ አይቆይም። ሰው ቢጠይቃት የምትሰጠው ምክንያት ይህ ነበር። ሌላም ነበር እንጂ፣ እሱን ለራሷም አትነግረውም። ሃያ ስድስት ዓመት ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ የኖረች ሴት፣ አሁን ሦስት መቶ ሰው የሚያለቅሰው በእሷ ቃል ነው። ደስ ይላት ነበር። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ በሕይወቷ እንደዚያ ክረምት ደስ ብሏት አያውቅም።

እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ እንዲሉ፣ የካቲት ገባ፣ የቅበላ እሑድም ደረሰ።

በቅበላ እሑድ የሳልሚኔሚ ልማድ የታወቀ ነው። ጠዋት በሠራተኞች አዳራሽ ሙዚቃ አለ። ከዚያ ልጅ አዋቂው ከኮረብታው ላይ "ረጅም ተልባ!" እያለ ይንሸራተታል፤ ርቆ የተንሸራተተ ሰው ተልባው ረጅም ይሆንለታል ይባላልና። ከዚያ የቴአትር ቤቱ ሰዎችና ተመልካቾቻቸው አንድ ላይ ሐይቁን አቋርጠው ሄይና ደሴት ይሄዱና የአተር ሾርባ ይጠጣሉ። የሚሄዱበትን መንገድ ግግሩ ላይ የጥድ ቅርንጫፍ እየተከለ የሚያሳየው አርማስ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሱ ነው። በዚህ አገር ሰው የተከለውን ቅርንጫፍ ሌላ ሰው አይነካም፣ አይጠይቅም፤ ቅርንጫፉ ባለበት ግግሩ ይሸከማል ማለት ነው፣ አለቀ። ሕፃን በሸርታቴ ጭነው ዓይናቸውን ጨፍነው ይከተሉታል።

መንገዱ ቀጥታ አይደለም። ከከተማው ዳርቻ፣ የብሱ ሐይቁ ውስጥ ሹል ሆኖ እስከሚገባበት እስከ ኩይካ ጫፍ ድረስ ቀጥ ብሎ ይሄድና፣ ከጫፉ ጋ ሲደርስ ወደ ግራ ታጥፎ ረጅም ዙር ይዞራል። ምክንያቱም በጫፉና በደሴቱ መካከል ጉሮሮው አለ። ጉሮሮው የሚሉት ውሃው ከሥር ክረምት ከበጋ የሚሮጥበትን ጠባብ ቦታ ነው። ላዩ እንደሌላው ነጭ ነው። ውፍረቱ ግን በየካቲት እንኳ ከሁለት ጣት አይበልጥም። በየትውልዱ አንድ ሁለት ሰው ይውጣል፣ ስማቸውም በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ተጽፏል።

ታይሚ በሳምንቱ መካከል ቬይኮን መድረክ ላይ ለብቻው አገኘችው። ቬይኮ ሳቂታ፣ ፈጣን፣ ሁልጊዜ የሚቸኩል አዘጋጅ ነው።

"ቬይኮ፣ ዘንድሮ በረዶው ከብዷል። አርማስን ኦይቫ ቢያግዘው ምን ይመስልሃል?"

"ኦይቫ? እሱ ከአኮርዲዮን ሌላ ምን ያውቃል! ውሃ ውስጥ ነው የሚከተን።"

"እድሜም አለ እኮ። አርማስም እንደ ድሮው አይደለም።"

"አንቺ ደግሞ! ቅርንጫፍ ለመትከልም ሹክ ባይ ያስፈልገዋል?" ብሎ ትከሻዋን መታ አድርጎ እየሳቀ ሄደ።

ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ ነበር። ዋጠችው። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ሦስት ቃል ነው፦ "አርማስ አያስታውስም፣ ቬይኮ።" ለሌላው ሁሉ ቃል ስታቀብል የኖረች ሴት፣ ለራሷ የሚያቀብላት አጣች።

ቅዳሜ አርማስ መሰርሰሪያውንና የጥድ ሸክሙን በሸርታቴ ጭኖ ሐይቁ ላይ ወጣ። ታይሚ ተከትላው ልትሄድ አስባ ነበር፤ ነገር ግን በቀትር የልጆች ትርኢት ስለነበረባት ከጉድጓዷ መውጣት አልቻለችም። ትርኢቱ እንዳበቃ ሻርፗን እየጠመጠመች ወደ ዳርቻው ሮጠች። በረዶ መጣል ጀምሯል፣ ከሃያ እርምጃ በላይ አይታይም። አርማስ ረጃጅም መንሸራተቻዎቹን እንደተጫማ እየተመለሰ ነበር። ሸርታቴው ላይ ግን አሁንም ቅርንጫፍ አለ። ሁለት ክንድ የሚሞላ ቅርንጫፍ።

ታይሚ ቅርንጫፎቹን በዓይኗ ቆጠረች። ዙሩ ሁሌ ቅርንጫፉን እስከ መጨረሻው ይበላዋል፤ አንዳንድ ዓመትም አንሶት ሲመለስ ታውቃለች።

"ዘንድሮ ተረፈህ?" አለችው።

"ጥዱ ለጋስ ነበር" ብሎ ሳቀ። ሽፋሽፍቱ ላይ በረዶ ነበር። "ምን ያስፈጥጥሻል? ግቢ፣ ብርድ ይመታሻል!"

"በኩይካ ጫፍ ዞርክ አይደል?"

"ታዲያ በየት ልዞር ኖሯል?"

ያለው ልክ ነው፣ አባባሉም የጤነኛ ሰው ነው። ታይሚ አመነችው። አመነችው ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ማመን ስለፈለገች ሌላውን አላዳመጠችም። ትንፋሹን ብታዳምጥ ኖሮ ታውቅ ነበር።

እሑድ ሰማዩ ጠርቶ ዋለ። የሠራተኞች አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ የሴቶቹ መዘምራን ሲያዜሙ መስኮቶቹ በትንፋሽ ደበዘዙ። ኦይቫ አኮርዲዮኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ያንን ሰው ሁሉ እግሩን የሚያስመታውን ዘፈን ሲጀምር፣ ታይሚ ለአፍታ ሁሉንም ነገር ረሳችው። ከኮረብታው ላይም አንድ ጊዜ ተንሸራተተች፣ "ረጅም ተልባ!" ብላም ጮኸች፤ ጩኸቷ ግን ከአፏ ብዙም አልራቀ፣ የሹክታ ሰው ናትና። ከዚያ ስልሳ የሚሆን ሰው፣ ከነልጆቹ፣ ከነሸርታቴው፣ ዳርቻው ላይ ተሰበሰበ።

አርማስ ከፊት ነው። በባለወንበር ሸርታቴው ላይ ሚስቱን ሌምፒን ብርድ ልብስ ጠቅልሎ አስቀምጧታል። ሌምፒ ጸጥ ያለች፣ ክብ ፊት ያላት ሴት ናት፤ ባሏን ሳታይ የቀረችበት ትርኢት የለም ይባላል። ታይሚ ከመካከል ጀምራ ሰው እየሰነጠቀች ከአርማስ ጎን ደረሰች።

"ዛሬ ምን አስቸኮለሽ?" አላት ኦይቫ ከኋላ። "ሾርባው አያልቅም!"

"አንተ ካለህማ ያልቃል" አለችው ዘወር ሳትል።

ቅርንጫፎቹ በአዲሱ በረዶ ላይ በየአሥር እርምጃው አረንጓዴ ሆነው ቆመዋል። ኩይካ ጫፍ ደረሱ። ቅርንጫፎቹ ወደ ግራ አልታጠፉም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ቀጥ ብለው ወደ ጉሮሮው ገቡ፣ በጉሮሮው ላይም አልፈው እስከ ደሴቱ ደረሱ። ቅዳሜ አርማስን ያዳኑት ክብደቱን የዘረጉለት እነዚያ ረጃጅም መንሸራተቻዎች ናቸው። አሁን ግን ከኋላው ስልሳ ሰው አለ።

አርማስ ቆመ። ቅርንጫፎቹን አየ፣ ግራውን አየ፣ እንደገና ቅርንጫፎቹን አየ። ሰዎቹ ከኋላ እየተሳሳቁ ይጠጋሉ። ታይሚ አዳመጠች። ትንፋሹን ለቀቀው።

"በግራ፣ በጫፉ በኩል፣ ረጅሙን ዙር" አለችው በሹክታ።

አርማስ ወዲያው ቀና አለ። ፊቱን ወደ ሕዝቡ መልሶ፣ እጁን ዘርግቶ፣ በመድረክ ድምፁ፦

"ወዳጆቼ! በግራ፣ በጫፉ በኩል፣ ረጅሙን ዙር!"

"ኧረ ሽማግሌው፣ ቅርንጫፍህ ወዲያ ነው!" ብሎ ጮኸ ኦይቫ።

አርማስ ሳቀ። "የቅበላ ቀልድ ነው! ማን ማን እንደሚያምነኝ ላይ ብዬ ነው!"

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ቬይኮ አጨበጨበ። አንዲት የዓሣ አጥማጅ መበለት ብቻ "በጉሮሮው አይቀለድም" አለች፤ እሷንም የሰማት የለም። ሸርታቴዎቹ ሁሉ ወደ ግራ ታጠፉ። ሌምፒ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ቀና ብላ ባሏን ስታየው ታይሚ አስተዋለች፤ ሌምፒ አልሳቀችም።

ደሴቱ ላይ እሳት ነደደ፣ ሾርባው በድስት ተንተከተከ፣ ዓሣ የተጋገረበት ጥቁር ዳቦ ተቆረሰ። ኦይቫ ጓንቱን አውልቆ መጫወት ጀመረ። ታይሚ ግን ከቅርንጫፎቹ ላይ ዓይኗን መንቀል አቃታት። የተሳሳተው መስመር ከጉሮሮው ወጥቶ እግራቸው ሥር ድረስ መጥቷል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር ልጆቹን ይዞ በዚሁ መንገድ ይመጣል። ሳህኗን አስቀምጣ አርማስን ወደ ጎን ጠራችው።

"ቅርንጫፎቹ ይነሱ። ሰው ይከተላቸዋል።"

"አሁን እሄዳለሁ።"

"ኦይቫን ልላክልህ?"

"ለምን? ሊጠይቀኝ?" አለና መሬት መሬት አየ። "ታይሚ፣ እባክሽ።"

"እሺ፣ አብሬህ ልሂድ።"

"ሁለታችን ከሄድን ሁሉም ይመጣል።"

እውነቱን ነበር። ታይሚ የኮቱን እጅጌ ያዘች፣ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል ነገረችው። "በመጣንበት ዙር ተመለስ። ኩይካ ጫፍ ስትደርስ ያሉትን ቅርንጫፎች መንገዱ ላይ አጋድማቸው፣ መንገዱን ዝጋ። ከዚያ አንድ እርምጃ አትለፍ። እስቲ በልልኝ።"

"በመጣንበት ዙር እመለሳለሁ። ኩይካ ጫፍ ስደርስ ያሉትን ቅርንጫፎች መንገዱ ላይ አጋድማለሁ፣ መንገዱን እዘጋለሁ። ከዚያ አንድ እርምጃ አላልፍም።"

አንዲት ቃል አልሳተም። ድምፁም እንዴት ያምር ነበር! ታይሚ ልቧ ረጋ። ልብ በሉ እንግዲህ፤ አርማስ ቃል መቀበል አቅቶት አያውቅም፣ ያቃተው ማቆየት ነው። ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ አልነበረም። እሷ ደግሞ በሥራዋ ልማድ፣ ሰውዬው ቃሉን ከተቀበላት ሥራዋ አለቀ ብላ ዞረች።

ኦይቫ "ነይ እንጂ አንቺ ደረቅ!" ብሎ ጮኸባት። ቬይኮ እጇን ጎትቶ ወደ ጨፋሪዎቹ አስገባት። አንድ ዘፈን ጨፈረች፣ ሁለተኛውንም ጨፈረች። ሁለተኛው ፈጣን ነበር፣ ታይሚም ሳቀች።

"አርማስ ምን እያደረገ ነው?" አለ አንድ ሰው።

ታይሚ ዞረች። አርማስ ከእሳቱ ዘወር ሲል ያየው መጀመሪያ እግሩ ሥር ያለውን ቅርንጫፍ ነው። ነቀለው። ቀጥሎ ያለውን ነቀለ። እንዲህ አንድ በአንድ እየነቀለ፣ ቅርንጫፎቹን ታቅፎ፣ ጉሮሮው መካከል ደርሶ ቆሟል። በእግሩ ነው፣ መንሸራተቻ አልተጫማም። አይንቀሳቀስም። ምን ሊያደርግ እንደመጣ ጠፍቶበት፣ ፊቱን ወደ ደሴቱ መልሶ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ሌላው ሰው ሁሉ ሽማግሌው እንደገና ሊያስቃቸው ነው ብሎ ይጠብቃል። ታይሚ ግን እሱ የሚጠብቀው ማንን እንደሆነ ታውቃለች።

"ተኛ!" ብላ ጮኸች። "በሆድህ ተኛ! አትንቀሳቀስ!" ሃያ ስድስት ዓመት ሹክ ስትል የኖረ ጉሮሮ፣ ነፋሱን ማለፍ አልቻለም። አኮርዲዮኑም አላቆመም ነበር።

አርማስ አንድ ነገር እንደተባለ ገባው። እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። በደንብ ሊሰማ ወደ እሷ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ሁለተኛም ጨመረ። ያን ጊዜ ነው ታይሚ ወደ ሰዎቹ ዞራ፣ "አያስታውስም! ምንም አያስታውስም! ያዙት!" ያለችው። ሰዎቹም አርማስን ትተው እሷን አዩዋት።

ግግሩ ሲሰበር ድምፅ አልነበረውም። ቆሞ ነበር፣ ከዚያ አልነበረም። ጥቁር ውሃ ላይ የጥድ ቅርንጫፎቹ ተንሳፍፈው ቀሩ።

ወንዶቹ በሆዳቸው ተኝተው፣ መሰላልና ገመድ ይዘው፣ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። ቬይኮ እስከ ደረቱ ገብቶ ሊሞት ነበር። ሲያወጡት ግን ሰዓት አልፏል። ሌምፒ ባሏ ባስቀመጣት ሸርታቴ ላይ እንደተቀመጠች ነበረች። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም፤ ብርድ ልብሱን ከላይዋ አንስታ አለበሰችው።

ከቀብሩ በኋላ በአምስተኛው ቀን ታይሚ ሌምፒን ልትጠይቅ ሄደች። ጠዋት ነበር። ሌምፒ ሻይ ቀድታላት ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። የአርማስ ኮት ከበሩ ኋላ እንደተሰቀለ ነው።

"እዚያ ደሴት ላይ የጮኽሽው" አለች ሌምፒ፣ "አያስታውስም ያልሽው፣ ያን ቀን ነው ያየሽው?"

ሌምፒ ወዲያው ቀጠለች።

"እኔ ከበጋ ጀምሮ አውቀው ነበር። ጫማውን ምድጃ ውስጥ ያስቀምጣል። በእህቱ ስም ይጠራኛል። አንድ ሌሊት 'አንቺ ሴትዮ፣ ቤትሽ አትሄጂም?' አለኝ። ሐኪም ጋ ወሰድኩት፣ ሐኪሙም ሊያየው ቴአትር ቤት መጣ። ከጎኔ ተቀመጠ፣ አምስተኛው ረድፍ ላይ። ሦስት ሰዓት ሙሉ አርማስ አንዲት ቃል አልሳተም። ሐኪሙ ሲወጣ ምን አለኝ መሰለሽ? 'እመቤት፣ ይህን ሁሉ በቃሉ የያዘ ሰው ጤነኛ ነው። የቤታችሁን ጉዳይ እቤታችሁ ጨርሱ።' አፈርኩ።"

ጽዋዋን በሁለት እጇ ያዘች።

"ስለዚህ ቴአትሩን ያስታውሳል፣ የረሳው እኔን ብቻ ነው አልኩ። አርባ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬ፣ የምትረሳ እኔ ነኝ ማለት ነው አልኩ። ተቀየምኩት፣ ታይሚ። አልጋ ለየሁ። እስከዚያች እሑድ ድረስ ደህና አድርጌ አላናገርኩትም። ሸርታቴው ላይ ሲያስቀምጠኝ እንኳ አመሰግናለሁ አላልኩም።" ቀና አለች። "ከሁሉም ይልቅ ቅርብ የነበርሽው አንቺ ነሽ። እስቲ ንገሪኝ፣ እውነት ሁሉንም ያስታውስ ነበር?"

ታይሚ የሥራዋ ሕግ ትዝ አላት፤ ደግሞም እዚያው ላይ ጠላችው። "የለም፣ ሌምፒ። አንድም አያስታውስም ነበር።"

"ታዲያ ማን ነበር?"

"እኔ ነበርኩ።"

ሌምፒ ጽዋዋን አስቀመጠች። የተናደደች አትመስልም ነበር። አንድ ነገር የምታሰላ ትመስል ነበር።

"ከመቼ ጀምሮ?" አለች።

"ከጥቅምት።"

"ሐኪሙ የመጣው በኅዳር ነው" አለች ሌምፒ።